የዘማች ጓድ አመራረጥ በኮምፒዩተር ጨዋታ

በምናብ ዓለም ላይ የተመሠረቱ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ተጫዋቹን መፈተን የሚጀምሩት ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት ነው። ተጫዋቹ ማንን ይዞ እንደሚዘምት፣ ለእያንዳንዱም ዘማች ምን ሙያና ችሎታ እንደሚሰጥ መወሰን አለበት። የዚህ ውሳኔ ታሪክ የሚያስረዳው፣ ምርጫ ክብደት የሚኖረው ዋጋ ሲያስከፍል መሆኑን ነው።

ሥርዐቱ የተወለደው በወረቀት ላይ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ለየባለታሪኩ ሙያና በቁጥር የሚለካ ችሎታ ሰጠ። በጠረጴዛ ዙሪያ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ባለታሪክ ይዞ ስለሚቀርብ፣ ጓዱ የሚሟላው በወዳጆች ኅብረት ነበር። በኮምፒዩተር ፊት ለብቻው የተቀመጠ ሰው ግን ባልንጀሮቹን ራሱ መፍጠር ነበረበት።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካስገኙት አንዱ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት አንድሪው ግሪንበርግና ሮበርት ዉድሄድ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር የወጣው «ዊዛርድሪ» ነው። ጓዱ ከ6 ሰው አይበልጥም። ፊት ለፊት የሚዋጉት የፊተኛው ረድፍ 3 ሰዎች ሲሆኑ፣ አስማተኛው ከኋላ ሆኖ በድግምት ይረዳል። ካህኑ ቁስለኛ ይፈውሳል። ሌባው በውጊያ ደካማ ቢሆንም፣ እርሱ ከሌለ ወጥመድ ያለበትን ሣጥን መክፈት አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሞት ነው፤ የሞተውን ለማስነሣት የተደረገው ሙከራ ሲከሽፍ ሟቹ ዐመድ ይሆናል፤ ዳግመኛ ከከሸፈም ለዘለዓለም ይጠፋል። ጓዱ በሙሉ ያለቀ እንደ ሆነ፣ ሬሳቸውን ከዋሻው ለማውጣት ሌላ ጓድ መላክ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው መምረጥ ማለት ሌላውን መተው፣ የተመረጠውንም ለማጣት መዘጋጀት ነበር።

በጃፓን ሐሳቡ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው «ፋይናል ፋንታሲ» ተጫዋቹ ከ6 ሙያዎች መርጦ 4 ሰዎች ያሰልፋል፤ አንድ ጊዜ ከመረጠ በኋላ በሌላ ሙያ መተካት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ድራጎን ክዌስት 3» ግን፣ ከዋናው ጀግና በቀር፣ 20ኛ ደረጃ የደረሰ ዘማች ሙያውን እንዲለውጥ ፈቀደ። የለወጠውም የተማረውን ድግምት እንደ ያዘ፣ ኀይሉ በግማሽ ቀንሶ ከ1ኛ ደረጃ እንደገና ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1990 «ፋይናል ፋንታሲ 3» ሙያ መለዋወጥን የጨዋታው ዋና አካል አደረገው።

ይህ ለውጥ በመነሻው የተሳሳተ ሰው ብዙ ሰዓት የደከመበትን ሥራ እንዳይጥል ረድቶታል። ሆኖም መመለሻ መንገዱ ሁሉ ያለ ዋጋ ሲከፈት፣ ማሰቡም አብሮ ይቀልላል። መካከለኛውን መንገድ ያሳየው «ድራጎን ክዌስት 3» ነው፤ በሩን ከፈተ፣ ቀረጡን ግን አላነሣም።