ከደቻቱ በላይ ያሉት ክትሮች

ድሬዳዋን የማያውቅ እንግዳ ደቻቱን “ወንዝ ነው” ሲሉት ይስቃል። አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለበትም፤ ሰፊ አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ በእግራችን እንሻገረዋለን፤ ገበያም ይዘረጋበታል። ደረቅ ወንዝ ያዘናጋል።

ከተማችን እዚህ የተቆረቆረችበትን ምክንያት ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቀረ። ባቡሩን ያስቆመው ዳገት ግን ለጎርፍ ቁልቁለት ነው። በደንገጎ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጣለ ዝናብ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ ለመውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ የሚደርሰውም ለዚህ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው። ጎርፉ ሰዉን በተኛበት ደረሰበት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አስከሬናቸው ያልተገኘም ብዙ ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ከወንዙ ዳር የሚኖረውና የሚነግደው ደግሞ ባብዛኛው አቅም የሌለው ነበር። ራቅ ብሎ ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ማን እዚያ ያድር ነበር?

ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ ግንብ ተሠራ። ግንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ይታያል። ከበላይ በየሸለቆው ስለተሠሩት ትንንሽ ክትሮች ግን የሚያወራ የለም። እኛ የምንለው ግንቡ ብቻውን አይበቃም ነው። ግንብ ጎርፉን የሚጠብቀው ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን ጉልበት ካገኘ በኋላ ነው።

ክትር እንደ ትልቅ ግድብ ውሃ አያጠራቅምም። ድንጋይ ተደርድሮ፣ ሲበረታም በሽቦ ታስሮ (ጋቢዮን የሚሉት) በቦረቦሩ ላይ አግድም ይቀመጣል። ውሃው ሲደርስበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አፈርና ጠጠሩን እዚያው ይጥላል፣ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ የቀረው በመሐሉ ዝቅ ተደርጎ በተተወው መተንፈሻ ይወርዳል። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ዳርና ዳሩ መሬት ጠልቀው ካልገቡ ግን ውሃው ጎኑን ቦርቡሮ ያልፋል። ደለል ሲሞላም ከፍ ሊደረግ ወይም ከበላዩ ሌላ ሊሠራ ይገባል። አንድ ክትር ብቻውን ከንቱ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተከታትለው ሲሠሩ ነው ጎርፉን የሚያደክሙት።

እነዚህን የሚሠሩት የገጠር ነዋሪዎች ናቸው፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት ሥራ ጭምር። እንደኛው ያሉ ሴቶች ድንጋይ ይሸከማሉ፤ ነፍሰ ጡሮች ከሥራው ነፃ ሆነው ድጋፉን ያገኛሉ። በእርግጥ እርከኑና ክትሩ የራሳቸውንም ማሳ ይጠብቃል። ግን ከታች የምንተኛው እኛ ነን፤ ሂሳቡ ከተነሳ ዕዳው ወደኛ ያጋድላል።

ጎርፉ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ተመልሶ የሰው ሕይወት ወስዷል። ስለዚህ ከወርሃዊ መዋጯችን ጥቂቱ ለጋቢዮን ሽቦ ይዋል የሚለውን ሐሳብ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ የሚገዛው ሽቦው ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መወሰን አለበት።