ስለ ሞተር እስትንፋስ፤ የቱርቦና የአየር ማብረጃው አጭር ታሪክ

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ከመሐል አገር ወደ አሶሳ ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ከራዲያተራቸው ፊት ሌላ ሁለተኛ ማብረጃ ተሸክመው ይታያሉ። ስሙ ኢንተርኩለር ይባላል። ይህ ዕቃ ለምን እንደ ተፈለገ ለማወቅ፥ መኪና አገራችን ከገባበት ጊዜ መጀመር ያስፈልጋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ. ም.፥ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። የዚያ ጉዞ ችግር ሲነገር ጎልቶ የሚወሳው የመንገድ አለመኖር ነው። ነገር ግን ዓይን የማያየው ሌላ ችግር ነበረ፤ ይኸውም የአየሩ መሳሳት ነው። ጅቡቲ በባሕር ጠረፍ ስትሆን፥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ጋር ሲመዛዘን ሩብ ያህል ይጎድላል። ሞተር ያለ አየር ነዳጅ ማቃጠል አይችልምና፥ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል።

ይህ ችግር ከዚያ በኋላ የመጡትን ካሚዮኖች ሁሉ ተከትሏል። ሕዝባችን «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 ለብዙ ዓመታት የአገራችንን ጭነት በትከሻው ችሎ የኖረ ብርቱ መኪና ነው። ሆኖም አየሩን የሚስበው በራሱ ፒስቶን ብቻ ስለ ነበረ፥ በደጋው ዳገት ላይ የተፈጠረበትን ጉልበት በሙሉ ሊያወጣ አልቻለም።

መድኃኒቱ ግን በውጭ አገር አስቀድሞ ታስቦ ነበር። አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሳቡም ከሞተር የሚወጣው ጭስ በከንቱ ከሚጠፋ፥ ትንሽ መዘውር አዙሮ አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ ያስገባ የሚል ነው። ዛሬ ቱርቦ የምንለው ይህ ነው። በ1918 እ. ኤ. አ. ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ፥ ከራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ የሚለውን የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፥ እዚያ ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ደረሰ። ከፍታን ማሸነፍ እንደሚቻል በዚህ ተረጋገጠ።

ዳሩ ግን መድኃኒቱ ሌላ ሕመም ይዞ መጣ። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ቱርቦም 25 ዲግሪ ሙቀት ያለውን አየር ግፊቱን እጥፍ ቢያደርገው፥ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የሞቀ አየር ደግሞ ይነፋል፤ በመታመቅ የተገኘው ትርፍ ከፊሉ በሙቀት ይመለሳል። ይልቁንም በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን ያንኳኳል፤ ሲብስም ፒስቶን ይበሳል።

ይህን ሙቀት ማብረድ ብዙ ዘመን ወሰደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በብርዳማው ሰማይ ላይ ሲበሩ እንኳ ኢንተርኩለር ያስፈልጋቸው ነበር። በ1962 እ. ኤ. አ. ኦልድስሞቢል የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ጄትፋየር የምትባል የቤት መኪና በቱርቦ ሠራ፤ ለማብረጃም ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ እንዲረጭ አደረገ። ብዙዎች ባለ መኪኖች ግን ፈሳሹን መሙላት ዘነጉ፤ መኪናዋም ከሁለት ዓመት በላይ አልተሠራችም። ለሰው ማስታወስ የተተወ ማብረጃ አስተማማኝ አለመሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ነፋስ ብቻ የሚያበርደው፥ መሙላት የማይጠይቀው ኢንተርኩለር ቦታውን ያዘ። ፖርሽ በ1978 እ. ኤ. አ. ባለ ቱርቦ መኪናው ላይ ገጠመው፤ በዚያው ዘመን የከባድ መኪና ሠሪዎችም ተቀበሉት። ሙቀቱ ከ100 በላይ የደረሰው አየር ወደ 55 ዲግሪ ሲወርድ፥ ሞተሩ በአንድ እስትንፋስ አምስት እጅ ይስብ የነበረውን ስድስት እጅ ያህል ይስባል።

ይህ ለእኛ ክልል ተራ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚመጣ መኪና ከነቀምቴ ደጋ ወደ ሞቃቱ የዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ እንደገና ወደ ጊምቢ ይወጣል፤ ከዚያም በነጆና በመንዲ በኩል ወደ ባምባሲ ይዘልቃል። በአንድ ጉዞ የሳሳ የደጋ አየርና የጋለ የቆላ አየር ይገጥመዋል። ለመጀመሪያው ቱርቦ፥ ለሁለተኛው ኢንተርኩለር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በክልላችን በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና በ2017 ዓ. ም. የጳጉሜ ወር የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ኮንክሪት ፈሶበታል። ሲሚንቶው እዚያ ቆላ የደረሰው በከባድ መኪና ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ኢንተርኩለር ፈሳሽ አይሞላም፤ ንጽሕና ግን ይጠይቃል። በበጋ የመንገዱ አቧራና የደረቀ ሣር ክንፎቹ መካከል ሲጠቀጠቅ ነፋስ አያልፍበትም፤ ከኋላው ያለው ራዲያተርም አብሮ ይታፈናል። የጎማ ቱቦው ቢቀደድም ቱርቦው የደከመበት አየር ሜዳ ላይ ይቀራል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው፤ መኪናው በዳገት ይደክማል፥ ጥቁር ጭስ ያበዛል፥ ሙቀቱ ይጨምራል። ሾፌሩ ይህን ንቆ ነዳጅ ቢጨምር ሞተሩን ያነዳል፤ ጭነቱና ረዳቱም ዳገት ላይ ያድራሉ። ከመነሣት በፊት ማብረጃውን ማየትና በለስላሳ ውሃ ማጠብ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት የጋዝን ጠባይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንማር ተማሪዎች፥ ትምህርቱ በደጃችን በሚያልፈው ካሚዮን ውስጥ እየሠራ መሆኑን ልንገነዘብ ይገባናል። ነገ ከመካከላችን መካኒክም መሐንዲስም ይወጣልና፥ ዕውቀቱ ለዚህ መንገድ ያስፈልጋል።