የፕላስተር ታሪክ፦ ከመጣበቅ እስከ መላቀቅ

ማር ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ይሁን እንጂ ፋሻን በቁስል ላይ አጽንቶ ሊይዝ አይችልም። ጠንካራ ጎማ ደግሞ ሲለጠጥ ባይበጠስም ከቆዳ ጋር አይያያዝም። አንድ ነገር አጣብቆ እንዲይዝ ሁለት ባሕርያት በአንድነት ያስፈልጉታል። አንደኛ፣ በቀላል ግፊት ወደ ቆዳ ጥቃቅን ስርጉዶች ለመግባት የሚያስችል ልስላሴ ሊኖረው ይገባል፤ በሞለኪውሎች መካከል ያለው ደካማ ስበት የሚሠራው እጅግ ሲቀራረቡ ብቻ ነውና። ሁለተኛ፣ ሲሳብ ራሱ እንዳይበጠስ ውስጣዊ ጥንካሬ ያስፈልገዋል። ማር የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልታደለም። የሕክምና ፕላስተር ግን ሦስተኛ ግዴታም አለበት፤ ይኸውም ቆዳን ሳይጎዳ መላቀቅ ነው። ታሪኩም በአብዛኛው ይህን ግዴታ ለመወጣት የተደረገው ጥረት ታሪክ ነው።

ለብዙ ዘመናት የእርሳስ ኦክሳይድ ከዘይት ጋር ተፈልቶ የሚገኘው ወፍራም ቅባት በጨርቅ ላይ እየተቀባ በፕላስተርነት ሲያገለግል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1845 በአሜሪካ ጥሬ ጎማን አሟሙቶ በጨርቅ ላይ የመቀባት ዘዴ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1882 ደግሞ ፓውል ባየርስዶርፍ የተባለ የሀምቡርግ ፋርማሲስት፣ ጉታፐርቻ ከተባለው የዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ ስስ ሽፋን ላይ መድኃኒት የተቀባበት ፕላስተር ሠርቶ መብቱን አስመዘገበ። በሥራውም ከታወቀው የቆዳ ሐኪም ከፓውል ጌርዞን ኡና ጋር ይተባበር ነበር።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1890 የገዛው ኦስካር ትሮፕሎቪትስ ግን ከባድ ችግር ገጠመው። በድርጅቱ የተሠራው ሲቶ የተባለ ፕላስተር አጥብቆ ቢይዝም ቆዳን የሚያስቆጣ ሆነ። በመሆኑም ለቁስል መሸፈኛነት ሳይሆን የተቀደደ የብስክሌት ጎማ ለመጠገኛ ተሸጠ። ለሕክምና እንቅፋት የሆነው ጥንካሬ ለጥገና ጠቀመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ለገበያ የቀረበው ሌውኮፕላስት ችግሩን አቃለለ። ቁልፉ ዚንክ ኦክሳይድ ነበር፤ ይህ ነጭ ዱቄት በማጣበቂያው ውስጥ ያሉትን ቆዳ የሚያስቆጡ አሲዶች ያበርዳል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደግሞ የዛፍ ሙጫና የተፈጥሮ ጎማ የማያስፈልጋቸው የአክሪሊክ ማጣበቂያዎች ተስፋፉ፤ በሁለቱ ምክንያት የሚመጣውም የቆዳ አለርጂ ቀነሰ።

ይሁንና ሦስተኛው ግዴታ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም። ማጣበቂያው ከቆዳው ጋር ያለው ትስስር የቆዳው ንብርብሮች እርስ በርስ ካላቸው ትስስር ከበረታ፣ ፕላስተሩ ሲነሣ የሚላጠው ቆዳው ነው። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃንና በአረጋዊ ታካሚ ላይ ይህ አደጋ ከፍ ያለ ነው፤ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከሥሩ ካለው ጋር ያለው ቁርኝት ደካማ ነውና። የአክሪሊክ ማጣበቂያም በጊዜ ብዛት ወደ ስርጉዶቹ ይበልጥ ስለሚሰርግ አያያዙ እየጠነከረ ይሄዳል።

ከዚህ የተነሣ የማጣበቂያው ሠሪ ያልጨረሰውን ሥራ የሚፈጽመው የጤና ባለሙያው እጅ ነው። ፕላስተር ሲለጠፍ መወጠር የለበትም፤ ውጥረቱ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያስከትል ይችላልና። ሲነሣም በአንድ እጅ ቆዳውን ደግፎ፣ በሌላው ፕላስተሩን ወደ ላይ ሳይጎትቱ በራሱ ላይ መልሶ እያጠፉ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በዝግታ መላጥ ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ታካሚውን ፕላስተር አስቆጥቶት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።