ፈረሱ ማኅበር አለው፤ ላንድክሩዘሩስ ማን አለው?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የተገኘ ሰው ፈረስ በአዊ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ፈረሰኞቹ ከየወረዳው ይጎርፋሉ። ፈረሶቹ በኮርቻና በልጓም አጊጠው ሜዳውን ይሞሉታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ አገር በጣሊያን ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። በዓሉ በዓድዋና በሌሎች ዘመቻዎች የተሳተፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። እዚያ ሜዳ ላይ ጌታው የማይታወቅ ፈረስ የለም። ምን እንደበላ፣ መቼ እንዳነከሰ፣ ኮርቻው የት ላይ እንደላጠው የሚያውቅ ሰው አለው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገሬው ሰው። ዛሬ ሐኪሙን፣ ክትባቱን፣ የግብርና ባለሙያውንና ምጥ የያዛትን እናት የሚያደርሰው ፈረስ አይደለም፤ ባለአራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪና ነው። በየትኛውም የአገራችን ወረዳ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ጎራ ቢሉ ግን ሣር የበቀለባት፣ ጎማዋ የተኛ አንዲት ላንድክሩዘር አትጠፋም። «ምን ሆና ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «የኋላ ዲፍረንሻሏ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ ቆመች።»

«ይጮህ ነበር» እና «ቆመች» በሚሉት ቃላት መካከል ወራት አሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚያ ወራት ናቸው።

🔹 ከበቅሎ ወደ ጎማ

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን እየታገለ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አፄ ምኒልክም መኪናዋን አዩ፣ ተሳፈሩባት። ጎጃም ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የበቅሎ አገር ሆኖ ቆየ። ዳንግላ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። እንግሊዞች በዚያች ከተማ ቆንስላ ነበራቸው። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ሲያጠና የተጓዘው በእግሩና በበቅሎ ነው። ትልቅ መንግሥት የወከለ ሰው እንኳ ዳንግላ ላይ ከበቅሎ የተሻለ ማጓጓዣ አልነበረውም።

ጎማ በብዛት የመጣው ከወራሪው ጋር ነው። ጣሊያን ጦሩን ለማንቀሳቀስ መንገድ ቆረጠ፣ የጭነት መኪና አመጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ ደግሞ የጦሩን ስንቅና ጥይት በዋናነት የተሸከመው ግመል ነበር። ቆላ የለመዱት ግመሎች ደጋውን አልቻሉትም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በመንገድ አለቁ። የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን የለቀቀው በዚያው ዘመቻ ነው።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ብድር አገኘች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ሲያበድር የመጀመሪያው ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። በዚያው ዘመን ሁለት መኪኖች በዓለም የገጠር መንገድ ላይ ታዩ። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ወጣ፤ የላንድክሩዘር አባት የሆነው ባለአራት ጎማ መኪና በ1943 ዓ.ም. በቶዮታ ተሠራ። መጀመሪያ ላንድሮቨሩ፣ በኋላ ላንድክሩዘሩ የኢትዮጵያ ገጠር የመንግሥት እግር ሆኑ። ወባ ለማጥፋት የዘመተው፣ እህል የረዳው፣ ምርጫ ያስፈጸመው፣ ግብር የሰበሰበው ሁሉ በእነሱ ላይ ተቀምጦ ነው።

🔹 ቃሉ ገባ፣ ልማዱ ቀረ

የየትኛውም ጋራዥ ቋንቋ ይህንን ታሪክ ይዞታል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ጎማ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ተባረረ፤ ቃላቱ ግን መካኒኩ እጅ ላይ ቀሩ። እንዲያውም አብዛኛው የአገራችን የመካኒክነት ሙያ ከጌታ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ነው።

ያልተላለፈው ሌላ ነገር ነው። መኪና ሲገባ አብሮት መግባት የነበረበት የጥገና መዝገብ፣ የጥገና በጀትና የጥገና ተጠያቂነት አልገባም። መኪና ሲረከቡ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ዘይት ሲቀየር ማንም ፎቶ አይነሣም። መኪናዋ የሁሉም ስለሆነች የማንም አይደለችም።

🔹 ዲፍረንሻሉ ምን ይላል?

ነገሩን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅም፣ የውስጡ ጎማ አጭር መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ብረት ተቆላልፈው ቢሆን ኖሮ አንዱ እየተጎተተ ጎማ ይበላ ነበር። ይህን የፈታው ፔኩር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ፣ ገና በእንፋሎት ጋሪ ዘመን። ከኋላ ጎማዎቹ መሐል እንደ ድስት ያበጠው ብረት ውስጥ ያለው የእሱ ሐሳብ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ በጫፉ ትንሽ ጥርስ አለው፤ ፒኞን ይባላል። እሱ ትልቁን ክብ ጥርስ፣ ኮሮናውን ያዞራል። በኮሮናው መሐል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላሉ።

ፒኞኑና ኮሮናው ሲዞሩ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይፋጫሉ። ብረት ከብረት የሚለያቸው ስስ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዘይት አይሆናቸውም፤ በጣሳው ላይ 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-90 ተብሎ የሚጻፍበት፣ ከፍተኛ ጫና እንዲችል የተሠራው ወፍራም ዘይት ያስፈልጋቸዋል። መጠኑ ለአንድ ላንድክሩዘር የኋላ ዲፍረንሻል 3 ሊትር ገደማ ነው።

ዲፍረንሻል ሳያስጠነቅቅ አይሞትም። ነዳጅ ሲረገጥ የሚያፏጭና እግር ሲነሣ ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ ኮሮናውና ፒኞኑ ተበልተዋል ወይም ልካቸውን ስተዋል። ቢረገጥም ባይረገጥም ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው። ሲታጠፍ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ የመሐሎቹን ትንንሽ ጥርሶች ይጠረጥሯል። አንዳንዴም ጥፋተኛው ዲፍረንሻሉ አይደለም፤ ያረጀ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ጥርሰ ትልቅ ጎማ ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል። ጥሩ መካኒክ ብረቱን ከመፍታቱ በፊት ከሾፌሩ ጋር ወጥቶ የሚነዳው ለዚህ ነው።

የአዊ መልክዓ ምድር ለዚህ ብረት ምሕረት የለውም። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ዝናባም ከተማ ናት። ከእሷ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ፣ ከዳንግላም ወደ ጃዊ የሚወስደው መንገድ ከብርዳማ ደጋ ወደ ሞቃት ቆላ ይወርዳል፤ ክረምት ላይ ጭቃና ወንዝ አለው። ዳገትና ቁልቁለት ሲሠራ የዋለ ዲፍረንሻል ይግላል። በዚያ ሙቀቱ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በጎማ ማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ወተት የመሰለ ቀለም ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

የዚህ ሁሉ መከላከያ ርካሽ ነው። መተንፈሻውን ማጽዳት፤ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱን ማየት፤ በእንዲህ ዓይነት መንገድ በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየር። ልምድ ያለው መካኒክ መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያውን ቡሎን ነው፤ የማፍሰሻውን አስቀድሞ ቢፈታና የመሙያው ዝጎ እንቢ ቢል መኪናዋ ያለ ዘይት ትቀራለችና። ከማፍሰሻው ቡሎን ላይ የተለጠፈው የብረት ብናኝ እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ችግር የለም፤ ስባሪ ከሆነ ግን ጊዜው አልቋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን ብሂል የሚያህል የጥገና መመሪያ የለም።

🔹 ቅያሪው

ያልሰማ ሰው መጨረሻው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ሙሉ ዲፍረንሻል ይገኛል። ዋጋው ግን ከ3 ሊትር ዘይት ጋር አይነጻጸርም፤ ወጥመድም አለበት። የባለአራት ጎማ መኪና የፊትና የኋላ ዲፍረንሻል የጥርስ ቁጥር ምጥጥናቸው አንድ መሆን አለበት። ፊቱ 4.1፣ ኋላው 3.9 ቢሆን መኪናዋ በሁለት ጎማ ስትሄድ ምንም አትልም፤ አራቱ ሲያያዙ ግን የፊቱና የኋላው እየተጓተቱ ሌላ ብረት ይሰብራሉ። ኮሮናና ፒኞንም አብረው የተሠሩ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን አሮጌ፣ ሌላውን አዲስ ማድረግ ጩኸትን በጩኸት መለወጥ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። ጎበዝ መካኒክ ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ ያዞራቸውና አሻራቸው የት ላይ እንዳረፈ ያያል፤ ያለ መለኪያ በእጅ ግምት የገጠመ ግን ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያንኑ ድምፅ መልሶ ይሰማል።

🔹 ለምን አሁን?

«ችግሩ ጥገና አይደለም፣ ድህነት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ መለዋወጫም አብሮ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በተደጋጋሚ ይዘጋል። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ዕቃ እንጅባራ የሚደርስበትን ቀን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም።

ነገር ግን ይህ ክርክር የሚደግፈው ጥገናን ነው። መለዋወጫ በተወደደና መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያለውን ብረት ማኖር ግዴታ ይሆናል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል፤ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው መርዘም አለበት። «ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል» የሚልም ተሳስቷል። የኤሌክትሪክ መኪናም ይታጠፋል፤ ዲፍረንሻል አለው፣ ዘይትም ይፈልጋል።

ለመሥራት የሚያስፈልገው ሰማይ አይደለም። ለእያንዳንዱ የመንግሥት መኪና ከቁልፉ ጋር የሚሄድ የጥገና መዝገብ፤ ለነዳጅ የተያዘ ገንዘብ የማይበላው የዘይትና የኩሽኔታ በጀት፤ «ይጮሃል» ብሎ በጽሑፍ ያመለከተ ሾፌር የሚሰማበት፣ ሰምቶ ዝም ያለ ኃላፊም የሚጠየቅበት ሥርዓት። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ ዲፍረንሻል በሥዕል ብቻ ሳይሆን በመለኪያ የሚያስተካክል ተማሪ።

አምቡላንስ ዳገት ላይ ሲቆም ውስጡ ያለችው እናት የፒኞኑን ጥርስ አታውቅም። የምታውቀው አለመድረሷን ነው። ጥር 23 ላይ እንጅባራ ሜዳ የሚወጣ ፈረስ አንካሳ ቢሆን ጌታው በሰው ፊት ያፍራል። የመንግሥት መኪና ለወራት ጮኾ ሲቆም የሚያፍረው ማን ነው?