የስኳር በሽታ ቁጥጥር በአርሲ ደጋና በኢትዮጵያ

የስኳር በሽታ ቁጥጥር በሽታውን የመከላከል፣ በጊዜ የመለየትና ሕሙማንን በዘላቂነት የመከታተል ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የሚመራው በጤና ሚኒስቴር ሲሆን፣ ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች በወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂክ ዕቅድ ውስጥ ተካቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት 5.9 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ስኳር ተገኝቶባቸዋል።

አከራካሪው ዓይነት

በሽታው ከውፍረትና ከከተማ ኑሮ ጋር ብቻ ተያይዞ መታየቱ የገጠሩን ሕመምተኛ ሲጎዳ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘ የስኳር በሽታ ራሱን የቻለ ምድብ ሰጥቶ ነበር፤ ማስረጃው አላጠገበም በሚል በ1999 ሰረዘው። በ2009 የጎንደሯ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ ጥናት አሳተሙ። ያጠኗቸው ሕሙማን በአብዛኛው ቀጫጭን፣ ድኻ የገጠር ሰዎች ሲሆኑ ወንዶች ይበዙባቸዋል፤ ያለ ኢንሱሊንም አይሆንላቸውም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ይህንኑ «ዓይነት 5» ብሎ ቢቀበለውም፣ ምድቡ ራሱን መቻል አለመቻሉ ዛሬም ያከራክራል። ክርክሩ የምሁራን ብቻ አይደለም። ቅስቀሳው «ውፍረት ቀንሱ» በሚል ብቻ ከተወሰነ፣ ገብስና ስንዴ አምራች በሆነው የአርሲ ደጋ የሚኖር ከሲታ ገበሬ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

አገልግሎት

በአርሲ የአገልግሎቱ ሰንሰለት ከጤና ኬላ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ አልፎ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ይደርሳል። ከዲገሉና ጢጆ ወይም ከሌሙና ቢልቢሎ ወረዳ በየወሩ መድኃኒት ለመቀበል አሰላ ድረስ መመላለስ ለድኻ ገበሬ ከባድ ወጪ ነው። በጎንደርና በጅማ የተሞከረው መንገድ፣ ማለትም የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ክትትል እንዲያደርጉ፣ ለእንዲህ ያለ ምድር የሚስማማ ይመስላል።

የኢንሱሊን አያያዝ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አንዱ የሸክላ ዕቃ በሌላው ውስጥ ይቀመጥና በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ውኃ እየተርከፈከፈበት እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ለሚወርድ ሰው ይህ ይጠቅማል። ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ግን ይበላሻል፤ ቢቀልጥም መወጋት አይገባም።

ሕግና ግብር

ስኳር የበዛበትን መጠጥ መቀነስ የመከላከሉ ሥራ አካል በመሆኑ ግብርም ከቁጥጥሩ ጋር ይያያዛል፤ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጦችንም ይመለከታል።

ጾም

በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መርፌ የሚወጋ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሊመካከር ይገባል፤ ጸበል የሚጠመቅም መርፌውን አያቋርጥ። ገና ያልተመረመረውን በተመለከተ ደግሞ፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ ውኃ የሚጠማውና ያለምክንያት የሚከሳ ማንም ሰው ቀጭንም ቢሆን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የደም ስኳሩን ይለካ።