የአሠልጣኙ ወንበር፦ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቅጥሮችና ያለፈን ውሳኔ የመመዘን ጥያቄ



አበው «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ። ብሂሉ ለባላገር መልካም ምክር ነው፤ የታሪክ ተማሪን ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሰዋል። የእኛ ሥራ ባለፈው ክረምት ያፈሰሰውን ቤት መመርመር ነው። ጣራው ሲከደን ምን ያህል ሣር ተገኝቶ ነበር? ደመናውን ያየ ነበርን? ባለቤቱስ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? እነዚህን ሳይጠይቅ «ቤቱ አፍስሷልና ሠሪው ሰነፍ ነበር» ብሎ የሚደመድም ሰው ውጤቱን ከመድገም አልፎ ውሳኔውን አልመረመረም።

ይህን የአመዛዘን ጥያቄ ለማሳየት ዛሬ የመረጥሁት ምሳሌ ከጦር ሜዳም ከቤተ መንግሥትም የተወሰደ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ፣ የፉትቦል አሠልጣኞች እንዴት እንደተመረጡ የሚያሳይ ነው። ፉትቦል ስል ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጫወቱትን የአሜሪካኖችን ጨዋታ ማለቴ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የዩኒቨርሲቲ ቡድን የክፍለ ግዛቱ ክብር ሆኖ ይታያል፤ አሠልጣኙም ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ ነው። ምሳሌውን የመረጥሁበት ምክንያት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅጥር ቀን አለው፤ እያንዳንዱ ዘመን በድልና በሽንፈት ቁጥር ተዘግቷል፤ ካለፈ በኋላ የሚሰጠው ፍርድም እጅግ ይጮኻል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ታላላቆች ንጽጽር እንመልከት። «ድቡ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ፖል ብራያንት ከ1958 እስከ 1982 ድረስ በአላባማ 25 የውድድር ዘመናት አሠልጥነው 232 ጊዜ አሸንፈዋል፤ 6 ብሔራዊ ሻምፒዮናዎችም ተቆጥረውላቸዋል። ኒክ ሴበን ከ2007 እስከ 2023 ድረስ በ17 የውድድር ዘመናት በሜዳ ላይ 206 ጊዜ አሸንፈው 29 ጊዜ ብቻ ተሸንፈዋል፤ የእርሳቸውም ሻምፒዮናዎች 6 ናቸው። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ስድስቶች ይነሣል።

ነገር ግን ስድስት ከስድስት ጋር እኩል የሚሆነው የተቆጠረው ነገር አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። በብራያንት ዘመን ሻምፒዮኑ የሚታወቀው በጋዜጠኞችና በአሠልጣኞች የድምፅ ምርጫ ነበር። በ1964 ድምፁ የተሰጠው ከመዝጊያው ግጥሚያ በፊት ስለ ነበር፣ አላባማ ሻምፒዮን ከተባለ በኋላ በቴክሳስ ተሸነፈ። በ1973ም የአሠልጣኞቹን ምርጫ ካገኘ በኋላ በኖትርዳም 24 ለ 23 ተረታ። የሴበን ስድስቱም ዋንጫዎች ግን በመጨረሻ ፍልሚያ የተገኙ ናቸው። ሚዛኑ በሌላው ወገንም ያዘነብላል። በብራያንት የመጀመሪያ ዓመታት አንድ ቡድን ስኮላርሺፕ የሚሰጣቸውን ተጫዋቾች ቁጥር የሚገድብ አገር አቀፍ ሕግ አልነበረም፤ በ1973 ቁጥሩ በ105 ተገደበ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2025 ድረስ ደግሞ 85 ብቻ ነበር። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ጎበዞችን ሁሉ ሰብስቦ ተቀናቃኙን ባዶ ማስቀረት የሚችልበት ዘመን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ስለዚህ ንጽጽሩን እንከልክል አልልም፤ ከማነጻጸራችን በፊት ሕጉንና የአቆጣጠሩን ሥርዓት ጎን ለጎን እናስቀምጥ እላለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁለቱ ታላላቆች መካከል ያለው ዘመን ነው። ብራያንት በታኅሣሥ 1982 የመጨረሻ ጨዋታቸውን አሸንፈው ወንበሩን ለቀቁ፤ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በጥር 1983 ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በ24 ዓመታት ውስጥ ሰባት ሰዎች ለወንበሩ ተሾሙ። ቅጥሮቹን በተርታ ስንመለከታቸው ዩኒቨርሲቲው በሁለት ፍላጎቶች መካከል ሲዋልል እናያለን፤ አንደኛው የብራያንትን ወራሽ ማግኘት፣ ሁለተኛው ከብራያንት ጥላ መውጣት።

የመጀመሪያው ሬይ ፐርኪንስ ነበሩ፤ የብራያንት ተጫዋች የነበሩ፣ የኒውዮርክ ጃያንትስንም ያሠለጠኑ። በ1984 ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያውን ከድል ይልቅ ሽንፈት የበዛበት ዓመት አስመዘገቡ። ቀጥሎ የመጡት ቢል ከሪ የጆርጂያ ቴክ ሰው ናቸው፤ ከብራያንት ቤት የሚያገናኛቸው ክር አልነበረም። ውጤታቸው 26 ድልና 10 ሽንፈት ነው፤ በመቶኛ ሲሰላ ከፐርኪንስ 32 ድል፣ 15 ሽንፈትና 1 አቻ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ በጎረቤት ተቀናቃኛቸው በኦበርን ሦስት ጊዜ ተከታትለው ተሸነፉ፤ ደጋፊውም እንደ እንግዳ ከማየት አልተመለሰምና ወደ ኬንታኪ ሄዱ። በ1990 የተቀጠሩት ጂን ስታሊንግስ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የብራያንት ተጫዋች፣ በአላባማም ረዳታቸው ነበሩ። በ1997 የተተኩት ማይክ ዱቦዝም የብራያንት ተጫዋች ነበሩ፤ ዴኒስ ፍራንቾኒና ማይክ ፕራይስ ግን ከውጭ የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ የፍርድ ጊዜን ጉዳይ እናንሣ። ስታሊንግስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፈዋል። የመዘነ ሰው በዚያ ሳምንት መዝኖ ቢሆን ኖሮ ቅጥሩን ውድቀት ይለው ነበር፤ በ1992 ግን 13 ጨዋታ አሸንፈው፣ አንድም ሳይሸነፉ፣ ሻምፒዮን ሆኑ። ዱቦዝ በ1999 የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስን ዋንጫ ሲያነሡ ቅጥራቸው ብልህነት ተባለ፤ በቀጣዩ ዓመት 3 ድልና 8 ሽንፈት ሲያስመዘግቡ ያው ቅጥር ስሕተት ተባለ። የቅጥሩ ውሳኔ ግን በ1999ም ሆነ በ2000 አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው መዛኙ የቆመበት ቦታ ነው። የማይክ ፕራይስ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በዋሽንግተን ስቴት ሁለት ተከታታይ ዓመታት አሥር አሥር ጨዋታ ያሸነፉ ሰው ነበሩ፤ በወረቀት ላይ እንከን አልነበራቸውም። ነገር ግን ከሜዳ ውጪ በታየ ጠባይ ምክንያት አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሠለጥኑ በግንቦት 2003 ተሰናበቱ።

የዚህ ንግግሬ ማዕከል ከዚያ ስንብት በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተወሰነው ውሳኔ ነው። በዕጩነት ከቀረቡት መካከል ሁለት ስሞችን ልጥቀስ። አንዱ ማይክ ሹላ ናቸው፤ የ37 ዓመት ሰው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለአላባማ በኳርተርባክነት የተጫወቱ፣ በማያሚ ዶልፊንስ ረዳት አሠልጣኝ የነበሩ። ሌላው ሲልቬስተር ክሩም ናቸው፤ የዚያው የታስካሉሳ ከተማ ተወላጅ፣ በ1974 ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ተርታ የተሰለፉ፣ ከ1976 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በብራያንትና በፐርኪንስ ሥር በአሠልጣኝነት የሠሩ፣ ከዚያም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ ያገለገሉ። ሁለቱም ዋና አሠልጣኝ ሆነው አያውቁም። ክሩም ጥቁር ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ሹላን ቀጠረ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። የአላባማው ገዢ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ የቆሙት በሰኔ 1963 ነው። የፉትቦል ቡድኑ ለጥቁር ተጫዋች የመጀመሪያውን ስኮላርሺፕ የሰጠው በ1970 ሲሆን፣ በጨዋታ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የታየው በ1971 ነው። ክሩም ከእነዚህ ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይተው የመጡ ናቸው። ከ1932 ጀምሮ የቆየው የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስም እስከዚያች ግንቦት ድረስ በየትኛውም አባል ዩኒቨርሲቲ አንድም ጥቁር የፉትቦል ዋና አሠልጣኝ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎራዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ጎራ «ሹላ በ2006 ተባረሩ፤ ስለዚህ ክሩም መቀጠር ነበረባቸው» ይላል። ሁለተኛው ጎራ «ክሩም ከወራት በኋላ በሚሲሲፒ ስቴት ተቀጥረው በአምስት ዓመት 21 ድልና 38 ሽንፈት አስመዘገቡ፤ ስለዚህ አላባማ ልክ ነበረ» ይላል። አንዳንዱም ለመጀመሪያው ጎራ እንዲረዳ የክሩም ቡድን በ2006 አላባማን በገዛ ሜዳው 24 ለ 16 ማሸነፉን፣ በ2007ም መድገሙን፣ በዚያው ዓመት ክሩም የኮንፈረንሱ ምርጥ አሠልጣኝ መባላቸውን ይጨምራል።

ሁለቱም ጎራዎች የተሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው። በግንቦት 2003 ማንም ያላወቀውን ነገር ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። ሹላ የተረከቡት በየካቲት 2002 በተጣለ ቅጣት 21 ስኮላርሺፕ የተቀነሰበትን ቡድን ነው፤ የጸደይ ልምምድም አልፎ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ይህ ይዘነጋል። ክሩምም የተረከቡት ከእርሳቸው በፊት በተፈጸመ ጥፋት የተቀጣ፣ በኮንፈረንሱ ውስጥ ከደካሞቹ የሚቆጠር ቡድን ነበር። የአንዱ ውጤት የሌላውን ሊያስረዳ አይችልም፤ ክሩም በአላባማ ምን ያህል ያሸንፉ እንደ ነበርም የሚነግረን ሰነድ የለም።

ታዲያ ውሳኔውን መመዘን አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል፤ መመዘኛው ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለሃያ ዓመት የተጠቀመበት መስፈርት ይሁን። መስፈርቱ የብራያንት ቤተሰብነት ከሆነ፣ ክሩም በብራያንት ሥር ተጫውተዋል፣ በብራያንት ሥርም አሠልጥነዋል፤ ሹላ ዩኒቨርሲቲውን የተቀላቀሉት ብራያንት ካለፉ በኋላ ነው። መስፈርቱ የአገልግሎት ዘመን ከሆነ፣ ክሩም በአሠልጣኝነት ሥራ ሲሰማሩ ሹላ ገና ሕፃን ነበሩ። ዋና አሠልጣኝ ሆኖ አለማወቅ እንቅፋት ነው ከተባለ፣ እንቅፋቱ ሹላንም ይመለከታል፤ ከስድስት ዓመት በፊት የክሩም የቡድን ጓደኛ የነበሩት ዱቦዝም ያለዚህ ልምድ ተቀጥረው ነበር። በወቅቱ ዩኒቨርሲቲው ዘር በምርጫው ሚና አልነበረውም ብሏል። ሰነድ የሰውን ልብ አይከፍትም፤ እኔም ስለ ማንም ልብ አልመሰክርም። መመስከር የምችለው በተለመደው መስፈርት ሚዛን ደፍቶ የነበረው ፋይል ሳይመረጥ መቅረቱን ነው። ይህ ፍርድ ክሩም ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢያሸንፉም አንድ ጊዜ ባያሸንፉም የሚጸና ነው። ጥንካሬው ከውጤት ነጻ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተጫዋቾቹ የሚሰጠው አንድ ሽልማት ዛሬም በክሩም ስም መጠራቱ ጥያቄውን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

የ2007ቱም ቅጥር በዚሁ ዓይን ይታይ። ሴበንን መቅጠር ዛሬ ከብልህነት ሁሉ የላቀ ብልህነት ተደርጎ ይተረካል። ሆኖም በታኅሣሥ 2006 ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ ለዌስት ቨርጂኒያው ሪች ሮድሪጌዝ ጥያቄ አቅርቦ እምቢ ተብሏል። ሴበንም ወደ አላባማ እንደማይሄዱ በአደባባይ ተናግረው ከቆዩ በኋላ፣ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ የስምንት ዓመት ውል መጡ። በመጀመሪያው ዓመት 7 ድልና 6 ሽንፈት አስመዘገቡ፤ ከሽንፈቶቹ አንዱ በሉዊዚያና ሞንሮ፣ በትንሽ ዩኒቨርሲቲ እጅ፣ የደረሰ ነው። ውሳኔው መልካም ነበር፤ በኤል ኤስ ዩ የ2003ን ሻምፒዮና የጨበጡ ሰው ስለ ነበሩ ፋይላቸው ይመሰክራል። ነገር ግን ዕድልም እጁ አለበት፤ ሮድሪጌዝ እሺ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንተርከው ሌላ ታሪክ ነበር።

ይህ ጉዳይ ከሜዳ ውጪ ላለነው ምን ይረባናል? በዚህ አዳራሽ ውስጥ በቅጥርና በምደባ ኮሚቴ የተቀመጡ ብዙዎች አሉ፤ ከተማሪዎቹም ነገ የሚቀመጡ ይኖራሉ። ውሳኔያችን በሚመጣው ትውልድ ፊት በውጤቱ ብቻ እንዳይፈረድ የምንሻ ከሆነ፣ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት መስፈርታችንን፣ የዕጩዎቹን ስምና አንዱን ከሌላው ያበለጥንበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለብን። ቃለ ጉባኤ በሌለበት ቦታ ድል ያደረገ ሁሉ ጠቢብ፣ የተሸነፈ ሁሉ ሞኝ ሆኖ ይቀራል፤ በስተጓሮ ያለፈው በደልም ከነጭራሹ አይታይም።

ለተማሪዎቼ አንድ መልመጃ ልተው። ሴበን በጥር 2024 ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ቀን አላባማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲውን ኬለን ደቦርን ቀጠረ። በዋና አሠልጣኝነት እስከዚያ ቀን 104 ድልና 12 ሽንፈት ነበራቸው፤ ቡድናቸውም በዚያው ሳምንት የብሔራዊውን ሻምፒዮና ፍጻሜ ተጫውቶ ተሸንፏል። ይህን ቅጥር እስከዚያ ቀን በነበረው ሰነድ ብቻ መዝናችሁ ሁለት ገጽ ጻፉልኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተደረገውን የአንድ ጨዋታ ውጤት የጠቀሰ ወረቀት አልቀበልም።