ያለ ዘር የሚራቡ ዕፅዋት፦ ከድንች ማሳ እስከ ጣና ሐይቅ

ድንች የሚተክል አርሶ አደር የአበባውን ፍሬ አይሻም፤ የሚተክለው ድንቹን ራሱን ነው። ሸንኮራ አገዳ በአንጓው፣ ስኳር ድንች በሐረጉ፣ ሙዝ ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ይባዛል። መሐል ቡቃያው ተቆርጦ የተቀበረ የእንሰት ሥርም በርካታ ችግኞችን ይሰጣል። የአበባ ብናኝ ሳያስፈልግ ከእናት ተክል አካል አዲስ ተክል የሚገኝበት ይህ መንገድ ኢ-ጾታዊ መራባት ይባላል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ልጅ በጠባዩ እናቱን ይመስላል፣ ፈጥኖም ለምርት ይደርሳል። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። እናቲቱን ያጠቃ በሽታ ከተተከለው አካል ጋር ወደ አዲሱ ማሳ ይሻገራል፤ አንዱን የጣለ በሽታም ተመሳሳዮቹን ሁሉ ይጥላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 በአየርላንድ የተከሠተው የድንች በሽታ ለከፋ ረኃብ የዳረገው፣ አብዛኛው ገበሬ አንድ ዓይነት ድንች ይተክል ስለነበር ጭምር ነው።

ስለዚህ ለዘር የሚሆን ድንች ከገበያ ትርፍ ወይም ከተራረፈው ትንንሽ ድንች መመረጥ የለበትም። ማሳው ሲያብብ ያልጠወለጉና ጠንካራ ተክሎችን በእንጨት ምልክት ማድረግ፣ የእነዚህንም ምርት ለብቻ ቆፍሮ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ማከማቸት ይገባል። ድንቹ ተቆርጦ የሚተከል ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ዓይን ሊኖረው፣ ቢላዋውም በየጊዜው ሊጸዳ ይገባል።

ይኸው የተፈጥሮ ጥበብ በአረም ዘንድ ፈተና ነው። ሰርዶ በማረሻ ሲቆራረጥ አይጠፋም፤ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለቅሞ ከማሳ ማውጣትና በፀሐይ ማድረቅ ግድ ይላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በጣና ሐይቅ መታየቱ የተነገረው እምቦጭም በውኃው ላይ በሚዘረጋ ቀጭን ግንድ ልጆቹን ያፈራል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘርም ስላለው፣ ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ አንድ ጊዜ ነቅሎ ማረፍ አይቻልም። የተነቀለው በዳርቻ ከተተወ ማዕበል መልሶ ይወስደዋል። ከውኃ አርቆ ማድረቅ፣ ጀልባና መረብንም ከቁርጥራጩ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ገበሬም ሆነ የከተማ ነዋሪ ቁራጭ ግንድ ከመትከሉ ወይም ከመጣሉ በፊት ሊያስብ ይገባል፤ ቁራጩ ሕይወት አለው።